ሒሳብ የሚከብደው ተማሪ ምህንድስና ይግባ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የትምህርት መስክ ምርጫ ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ልጅቷ ኢንጂነር መሆን ትፈልጋለች፤ የሒሳብ ውጤቷ ግን ከሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ትግባ ወይስ ትተው? አጎት «ሒሳብ ሳይችሉ ምን ዓይነት ኢንጂነርነት ነው?» ይላል። ቀድሟት ካምፓስ የገባ የሰፈር ልጅ ደግሞ «የድሮ ፈተና ሰብስበሽ ትቸክያለሽ፣ ታልፊያለሽ» ብሎ ያደፋፍራታል። ሁለቱም ሊጠይቋት ይገባ የነበረውን አልጠየቋትም፦ ሒሳቡ ሲከብዳት ምኑ ላይ ነው የምትቆመው?

እኔ የምለውን አስቀድሜ ልናገር። ዝቅተኛ የሒሳብ ውጤት ብቻውን ምህንድስናን ለመተው በቂ ምክንያት አይደለም። ክፍተቱን ሳይደፍኑ፣ ካምፓስ ያስተካክለዋል ብሎ መግባት ደግሞ አምስት ዓመት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ውሳኔው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ እዚያ ለመድረስም ውጤቱ ምን እንደሚናገር፣ ክብደቱ ከየት እንደመጣ፣ ምህንድስናውም በእርግጥ ምን ያህል ሒሳብ እንደሚፈልግ ማየት ያስፈልጋል።

ከውጤቱ እንጀምር። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ለ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ ለ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ ለ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ከግማሽ በታች ሲያመጣ፣ ውጤቱ ስለ አንዱ ልጅ ጭንቅላት ከሚናገረው ይልቅ ስለ ተማረበት ክፍል የሚናገረው ይበዛል። አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ፣ እንደየክልሉ በሰባተኛ ወይም በዘጠነኛ ክፍል፣ ሒሳቡን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራል፤ ትምህርቱ በሚከብድበት ዕድሜ ቋንቋውም አብሮ ይከብዳል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማረው ትውልድ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ስክሪኑ ላይ ይመጣበት እንደነበር ያስታውሳል። እንደዚህ ባለ መንገድ አልፎ በሒሳብ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ አእምሮው ለሒሳብ አልተፈጠረም ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ነው።

በሌላ በኩል፣ የምህንድስና ምርጫም ለብዙዎች ምርጫ ሆኖ አያውቅም። 70/30 የሚባለው የቅበላ ፖሊሲ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ ሲውል ከአሥር አዲስ ገቢዎች ሰባቱ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ሆነ፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ ምህንድስናና ቴክኖሎጂ ወሰደ። የሒሳብ መሠረታቸው የሳሳ፣ አንዳንዶቹም ኢንጂነር ምን እንደሚሠራ በቅርብ አይተው የማያውቁ ወጣቶች በብዛት ገቡ። ዛሬ ተማሪው ቆም ብሎ «ይሆነኛል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ያኔ ላልነበረ ዕድል ቅርብ መሆኑን ያሳያል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ፍርሃት ተብሎ መናቅ የለበትም።

አሁን ወደ ክብደቱ። ሒሳብ ይከብደኛል የሚሉ ተማሪዎች ሁሉ ችግራቸው አንድ አይደለም። ከሁሉ የሚበዛው፣ ለመታከምም ከሁሉ የሚቀለው፣ የታች ክፍል ክፍተት ነው። በኤሌክትሪክ ትምህርት መግቢያ ላይ ሁለት ሬዚስተሮች በፓራለል ሲገናኙ ጠቅላላውን ሬዚስታንስ ለማግኘት የእያንዳንዳቸው ግልባጭ ይደመራል። ሁለቱም 2 ኦም ከሆኑ፣ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሁለተኛ አንድ ነው፤ መልሱም 1 ኦም ይሆናል። ክፍልፋይ በደንብ ያልጨበጠ ተማሪ ግን የታች ቁጥሮቹን ብቻ ደምሮ አንድ አራተኛ ይላል፤ 4 ኦም ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ኤክስ ሲያይ «ሰርኪት አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል። ሰርኪቱ ግን ገብቶታል። ያልገባው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ማንም ሳያስተካክልለት አብሮት የመጣው የክፍልፋይ ድመራ ነው።

ካልኩለስ ያስተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ተማሪው ዴሪቬቲቩን በትክክል አውጥቶ፣ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት ይጥላል፤ ቅንፍ ሲፈታ አንዱን ረስቶ ያልፋል፤ ሳይንና ኮሳይን የሚገናኙበትን ቀላል ዝምድና ስለማያስታውስ ኢንቴግራሉ መሃል ላይ ይቆምበታል። ነጥቡን የሚያስጥለው ካልኩለሱ ሳይሆን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ያገኛል፤ ምክንያቱም የአሥረኛ ክፍል አልጀብራ በጥቂት ወራት የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያዝ ነገር ነው።

ከሬዚስተሮቹ ምሳሌ ሌላም ነገር ይወጣል። ለከረንቱ ሁለተኛ መንገድ ሲከፈትለት ማለፉ ይቀልለታል እንጂ አይከብደውም ብሎ የሚያስብ ተማሪ፣ ስሌቱን ቢሳሳት እንኳ 4 ኦም የሚለውን መልስ ገና ሲያየው ይጠረጥረዋል። በፓራለል የተገናኘ ሬዚስታንስ ከትንሹም ያንሳል እንጂ ከትልቁ አይበልጥም። ይህን ጥርጣሬ የያዘ ልጅ፣ የሒሳብ ውጤቱ መካከለኛ ቢሆንም፣ የምህንድስናውን ዋና ነገር በእጁ ይዟል። ፎርሙላ በፍጥነት እየተካ 4 ብሎ ሳይጠራጠር ከሚያልፈው «ሰቃይ» ተማሪ ይልቅ እኔ ይህኛው ላይ ተስፋ አደርጋለሁ።

የፍጥነት ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ቀስ ብለው የሚያስቡ፣ ጊዜ ሲሰጣቸው ግን እስከ መጨረሻው የሚደርሱ ልጆች አሉ። ለአንድ ጥያቄ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚሰጥ የምርጫ ፈተና ላይ ሁልጊዜ ከአቅማቸው በታች ይመዘናሉ። የካምፓስ ፈተናም በሰዓት የተገደበ ስለሆነ መለማመድ ይጠበቅባቸዋል፤ ሙያው ውስጥ ግን ቀስ ብሎ መሥራትና ደግሞ ማጣራት የሚያስከብር ጠባይ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ ይህንንም አቅልሎ ማየት አይገባም። ስሌት ስንሠራ ቁጥሮችንና ደረጃዎችን ለጊዜው ይዘን የምናቆይበት የአእምሮ አቅም ጠባብ ነው። እንደ ማርክ አሽክራፍትና ሲያን ባይሎክ ያሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳዩት ጭንቀት ያንን ጠባብ ቦታ እንደሚሻማ ነው፤ ልጁ ቤቱ የሠራውን ጥያቄ ፈተና ላይ የሚያጣው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ባይሎክና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሒሳብ የሚፈሩ ሴት መምህራን ባስተማሯቸው የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ዘንድ፣ የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚለውን ያመኑ ሴት ልጆች ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በእኛም ትምህርት ቤቶች ግን ሴት ልጅ ሒሳብ ስትሳሳት «ምን ታድርግ» ተብላ የምትታለፈው፣ ወንዱ ሲሳሳት «አስብ እንጂ!» የሚባለው ስንት ጊዜ ነው? ያቺ የታለፈች ልጅ 12ኛ ክፍል ደርሳ «ሒሳብ አይሆንልኝም» ስትል፣ የምትናገረው ስለ ችሎታዋ ሳይሆን ስለ ተነገራት ነገር ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ግን የተለየ ነው። ሒሳቡ ሲገባውም ደስ የማይለው፣ መልሱ ሲመጣለት እንኳ ምንም የማይሰማው ተማሪ አለ። ይህን ማንም ከውጭ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ማስተካከልም የለበትም። የዚህ ልጅ ጥያቄ «እችላለሁ ወይ?» ሳይሆን «አምስት ዓመት ከዚህ ጋር መኖር እፈልጋለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

ታዲያ ምህንድስናው ምን ያህል ሒሳብ ይፈልጋል? ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ስለተመለሰ፣ ገቢው ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሎጂክን፣ ስብስቦችን፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን፣ ፋንክሽኖችንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪን የያዘ ኮርስ ነው። ከዚያ ተማሪዎች «አፕላይድ» የሚሏቸው ሦስቱ ይከተላሉ። አፕላይድ ዋን በቬክተር፣ በማትሪክስና በካልኩለስ ይጀምራል፤ ቱ ወደ ሲሪስና ብዙ ተለዋዋጭ ወዳላቸው ፋንክሽኖች ይሄዳል፤ ትሪ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንንና ቬክተር ካልኩለስን ያመጣል። በሌላውም ዓለም ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሜሪካን የምህንድስና ፕሮግራሞች የሚመዝነው ኤቤት የተባለው ተቋም ቢያንስ 30 ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ 45 ክሬዲት ደግሞ የምህንድስና ትምህርት ይጠይቃል። ሒሳቡ በአብዛኛው ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ከባዱ በር ከፊት ለፊት ቆሟል ማለት ነው። ውስጥ ገብቶ ቢያየው ይወደው የነበረውን ሥራ ሳያይ ከበሩ የሚመለስ ተማሪ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እንደየዲፓርትመንቱ ይለያያል። ኤሌክትሪካል ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ይዞ ይሄዳል፤ ሲግናል፣ ኮንትሮልና ኤሌክትሮማግኔቲክስ ያለ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ያለ ፉሪየርና ያለ ላፕላስ አይራመዱም። ሜካኒካልና ኬሚካልም በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የተሞሉ ናቸው። ሲቪል ላይ ስታቲክስን፣ የስትራክቸር ትንተናንና ሃይድሮሊክስን የተሻገረ ተማሪ ቀሪው በአመዛኙ በአልጀብራ የሚሠራ ነው። ኢንዱስትሪያል ስታቲስቲክስንና ሊኒየር ፕሮግራሚንግን ይወዳል። ሰርቬይንግ በትሪጎኖሜትሪና በስህተት ስሌት ላይ ይቆማል። ሶፍትዌር ደግሞ ሎጂክንና ዲስክሪት ማቴማቲክስን ስለሚፈልግ፣ በካልኩለስ የተቸገረ አንዳንድ ተማሪ እዚያ ጎበዝ ሆኖ ይገኛል። «ኢንጂነሪንግ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ ልዩነት አለ፤ ሰው ግን ምክር ሲሰጥ በጅምላ ነው።

ሥራው ላይ የሚያስፈልገው የሒሳብ ዓይነትም ከፈተናው ይለያል። አንድ የቤት ባለቤት ግንባታው ላይ ቆሞ «ይቺን ኮለን አንሱልኝ፣ ሳሎኑ ይስፋ» ቢል፣ ኢንጂነሩ ወረቀት ሳያወጣ የሚያስበው ነገር አለ። ሁለት ጫፉ ላይ የተደገፈ ቢም ጭነቱ እኩል ሲዘረጋበት መሃሉ ላይ የሚፈጠረው ቤንዲንግ ሞመንት ከርዝመቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ መጉበጡ ደግሞ ከርዝመቱ አራተኛ ፓወር ጋር። ስለዚህ ኮለኑ ተነስቶ የ4 ሜትሩ ቢም 8 ሜትር ቢሆን፣ በየሜትሩ ያለው ጭነትና የቢሙ ስፋትና ውፍረት ሳይለወጥ፣ ሞመንቱ አራት እጥፍ፣ መጉበጡ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ኢንጂነሩ «አይቻልም» የሚለው ወይም «ቢሙ ወፍሮ ብረቱ ይጨመር» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ፎርሙላውን ኢንቴግሬት አድርጎ የማውጣት ችሎታ ከተመረቀ በኋላ ሊዘነጋው ይችላል፤ የርዝመት እጥፍ መሆን የጫናው እጥፍ መሆን ብቻ እንዳልሆነ ግን መቼም አይዘነጋውም። ይህን ስሜት የሰጠው ያ የሚፈራው ሒሳብ ነው።

«አሁን ኢታብስ አለ፣ ሳፕ አለ፣ ሶፍትዌሩ ያሰላል» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ማስላቱንስ ያሰላል። በነሐሴ ወር 1991 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ስላይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ሙከራ ላይ እያለ ተሰንጥቆ ሰጠመ። ምርመራው ያገኘው በኮምፒውተር የተሠራው ትንተና በግድግዳዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን የሺር ጫና በ47 በመቶ አሳንሶ ማውጣቱን ነው፤ ግድግዳዎቹም በዚያ ልክ ሳስተው ተሠርተው ነበር። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን አሰላ። የወጣው ቁጥር ልክ አለመሆኑን ሊጠረጥር የሚችለው በእጁ ግምታዊ ስሌት የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ «ሒሳቡን ማሽን ይሠራልኛል» ብሎ የሚገባ ተማሪን አጥብቄ እመልሰዋለሁ፤ ያ ተማሪ ነገ የሚፈርመው ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ላይ ነው።

ከሀገር ውጭ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙት አስተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከእነሱ የምንማረው አለ። ኦሃዮ የሚገኘው ራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. በኔተን ክሊንግቢል መሪነት ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። አንደኛ ዓመት ላይ ሒሳቡን የሚያስተምሩት የምህንድስና መምህራን ሆኑ፤ ትሪጎኖሜትሪን በሮቦት ክንድ፣ ዴሪቬቲቭን በፍጥነት፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን በስፕሪንግና በክብደት በላቦራቶሪ እያሳዩ። ተማሪው ካልኩለሱን እስኪጨርስ ሳይታገድ ወደ ቀጣዮቹ የምህንድስና ኮርሶች እንዲያልፍ ተፈቀደለት። ጸንቶ የሚማረውና የሚመረቀው ቁጥር አደገ፤ ሌሎች ኮሌጆችም ወሰዱት። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሊሞክሩት የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም። የሚፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ የሒሳብና የምህንድስና ዲፓርትመንቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸውን ነው።

በርክሊ ያስተማረው ዩሪ ትሪስማን በ1970ዎቹ መጨረሻ ያስተዋለውም ለእኛ ዶርም ይሠራል። ካልኩለስ ላይ ይወድቁ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ለብዙ ሰዓት፣ ነገር ግን ለየብቻቸው ያጠኑ ነበር። ቻይናውያን ተማሪዎች ግን መጀመሪያ ለብቻ ሠርተው ኋላ ተሰብስበው መልስ ያስተያያሉ፣ የተሳሳተውን ያርማሉ። ትሪስማን ቀላል ጥያቄ የሚደግም የማካካሻ ክፍል አልከፈተም፤ ከባድ ጥያቄዎችን በቡድን የሚሠሩበትን መድረክ አዘጋጀ፣ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ። በእኛ ግቢዎች «ግሩፕ ስተዲ» አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ ለብቻ ሳይሞክሩ መጥቶ መገልበጥ የትሪስማን ዘዴ አይደለም።

ሌላው ብዙ ተማሪን ሳያውቀው የሚጥለው ቅርጽን በአእምሮ የማዞር ችሎታ ማነስ ነው። ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ ላይ የወደቀ ልጅ ሒሳብ ስለማልችል ነው ብሎ ያስባል። ሚሺጋን ውስጥ ያስተማረችው ሼረል ሶርቢ፣ ራሷ ተማሪ ሳለች በዚሁ ትምህርት የተቸገረች ናት፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ኩቦችን በእጅ እየሣሉና እያዞሩ የሚለማመዱበት ኮርስ ጀመረች። ችሎታው በልምምድ አደገ፤ በምህንድስና የሚቀጥሉት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ በዙ። እርሳስና ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ልምምድ ነው።

አንድ መጽሐፍ ደግሞ ልጨምር። ኢሌን ሲሞርና ናንሲ ሂዊት በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ሳይንስና ምህንድስናን ትተው የወጡ ተማሪዎች ከቀሩት ይልቅ በችሎታ የሚያንሱ ሆነው አላገኟቸውም። የቀሩትም የወጡትም ስለ ማስተማሩ ጥራት፣ ስለ ትምህርቱ ጥድፊያና ስለ ፍላጎት መጥፋት ተመሳሳይ ቅሬታ ነበራቸው። ባርባራ ኦክሊ የምትባለው መምህርትም ትጠቀሳለች፤ ከልጅነቷ በሒሳብ ስትወድቅ አድጋ፣ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሩሲያኛ ተምራ፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ተመልሳ የምህንድስና ፕሮፌሰር ሆነች። የእሷን ታሪክ የምጠቅሰው በጥንቃቄ ነው። የተመለሰችው ከታች፣ ከመሠረቱ ጀምራ ነው፤ ያለፉትን ዓመታት እንዳልነበሩ ቆጥራ አልዘለለቻቸውም።

እዚህ ግን የኢትዮጵያን ግቢ እውነታ መደበቅ አይገባም። ራይት ስቴት ያለው ዓይነት ድጋፍ ለአብዛኛው ተማሪያችን የለም። አፕላይድ ዋን ላይ ኤፍ ያገኘ ተማሪ አፕላይድ ቱን መውሰድ አይችልም፤ ኮርሱ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ስለሚሰጥ አንድ ኤፍ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ነጥቡ ከ2.00 ሲወርድ ዋርኒንግ፣ ሲደጋገም ዲስሚሳል ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ እየቸከሉ በሲ ያለፏቸው የመሠረት ኮርሶች እዚያ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ልጁን «ግባ፣ ይሆናል» ብሎ የሚልክ ወላጅ ይህን ሁሉ አውቆ ቢልከው መልካም ነው፤ ዲስሚስ ሆኖ የተመለሰ ልጅ ቤት ውስጥ የሚደርስበትን ዝምታ አይቻለሁና።

ስለዚህ ከመወሰን በፊት መሞከር ይሻላል። በፈተናውና በካምፓስ ጥሪ መካከል ያለው ጊዜ፣ በብዙዎች ዘንድ ባክኖ የሚቀረው፣ ለዚህ የተመቸ ነው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ይወሰድ፤ አፍሮ 12ኛውን መክፈት አያስፈልግም። ክፍልፋይ፣ ፋክተር ማድረግ፣ ኢኩዌሽን መፍታት፣ ኤክስፖነንትና ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፤ በየቀኑ፣ በእጅ፣ መልሱን ሳያዩ። የተሳሳተው ሁሉ በሌላ ደብተር ይጻፍና ከሳምንት በኋላ እንደገና ይሠራ። አጥንቶ የማያውቀው ነገር ከሆነ ደግሞ ፎርሙላው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው ይፈለግ፤ ሰፈር ውስጥ ያለ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይበቃል።

ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ የሚታየው ውጤቱ ስንት ሆነ የሚለው አይደለም፤ ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት የፈጀበት ጥያቄ አሁን ሩብ ሰዓት ከወሰደ፣ የራሱን ስህተት ራሱ ማግኘት ከጀመረ፣ 40 ያመጣውም ልጅ ቢሆን እኔ ግባ እለዋለሁ። በቅንነት ሠርቶ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም መቀመጥ እንኳ ካቃተው፣ ያኔ የሚያገኘው መልስ ከየትኛውም አማካሪ ቃል ይልቅ የታመነ ነው። ከዚሁ ጎን አንድ ሥራ ላይ ያለ ኢንጂነር አብሮ ውሎ ማየት ያስፈልጋል። ሳይት ላይ የሚውለው፣ ቢሮ ተቀምጦ የብረት ዝርዝርና የክፍያ ሰርተፊኬት የሚያዘጋጀው፣ ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ማሽን የሚከታተለው፣ ሥራቸው እጅግ የተለያየ ነው። ልጁ የሚወደው ኢንጂነር መባሉን ብቻ ከሆነ ቀኑ ሳያልቅ ይታወቃል።

መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። ግንባታ የሚወድ፣ ትንተና የሚከብደው ተማሪ ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንትን ሊያይ ይችላል። መሣል የሚችል አርክቴክቸርን። በእጁ መሥራት የሚወድ ደግሞ እንደ ተግባረ ዕድና እንደ ጄኔራል ዊንጌት ባሉ ፖሊ ቴክኒኮች በሌቭል ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፎ፣ ሥራ እየሠራ ወደ ዲግሪ ማደግ ይችላል። ይህን መንገድ የወደቁ ልጆች መሄጃ አድርጎ ማየት እጅግ ይጎዳል፤ ሞተር ሲገጥም ያደገ ልጅ ቴርሞዳይናሚክስ ሲማር የሚያየው ነገር አለው፤ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣው ያንን አያይም።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ በሩ በሌላ መልክ ነው የተከፈተው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ቤተሰቦች ልጃቸው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከፕሪካልኩለስ፣ ካስፈለገም ከዚያ በታች ጀምሮ፣ ካልኩለሱን በትንሽ ክፍል ተምሮ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መዛወር እንደሚችል ሊያውቁ ይገባል። አንድ ዓመት ይጨምራል፣ ወጪውም ያንሳል፤ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ» መባሉን እንደ ውርደት የሚያይ ወላጅ የልጁን ምርጥ ዕድል እየዘጋ ነው። እስራኤል ውስጥ የሚወስነው ደግሞ ባግሩት በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሒሳብ በስንት ዩኒት ተወሰደ የሚለው ነው፤ ሦስት ዩኒት የወሰደና አምስት የወሰደ አንድ በር ላይ አይቆሙም። ልጅ «ይከብደዋል» ተብሎ ወደ ሦስት ዩኒት ክፍል ሲመደብ ወላጅ ለምን ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ውሳኔው ቴክኒዮን የተባለውን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጭምር የሚመለከት ነውና። ይህ ዕድል ያለፈው ልጅም ቢሆን መኺና በሚባለው የዝግጅት ዓመት ሊመለስ፣ ወይም የሃንደሳይ (የተግባር መሐንዲስ) ዲፕሎማ ይዞ ሊጀምር ይችላል።

የሚቀረው ቀድሞ ገብቶ የተቸገረው ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ያለና አፕላይድ ዋን የጨነቀው ተማሪ ሚድ ኤግዛም እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዎርክሺቶች ላይ ምን እንደሚያደናቅፈው ይታያል፤ አልጀብራው ከሆነ በዚያው ሳምንት ወደ አሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ይመለስ። የመምህሩን የቢሮ ሰዓት ተጠቅሞ የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ይጠቀምበት፣ የሞከረውንም ወረቀት ይዞ ይግባ። ዲፓርትመንት ሲመርጥ ጓደኞቹ የት እንደገቡ ከማየት ይልቅ የእያንዳንዱን ዲፓርትመንት የኮርስ ዝርዝር ከሬጅስትራር ወይም ከዲፓርትመንቱ ወስዶ፣ ከሦስተኛ ዓመት በኋላ የቀረውን ሒሳብ ይቁጠር። ኤፍ ካገኘ ደግሞ ኮርሱ እስኪደገም ያለውን ወራት ቤት ተደብቆ አያሳልፋቸው፤ ያኔ የሚሠራው አልጀብራ ለአፕላይድ ቱም፣ ለስታቲክስም፣ ለስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስም ይደርስለታል።